ሙከራ የማይፈቀድለት ጥሩምባ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር የሚገዛውን ዕቃ ሁሉ ሞክሮ የመግዛት መብት ከጥንት ጀምሮ ተሰጥቶታል፤ ጫማ ገዢው ሁለት እርምጃ ተራምዶ፣ በቅሎ ገዢው ጥርሷን ገልጦና አሰግሮ አይቶ፣ ጋቢ ገዢው ጥለቱን በጣቶቹ መካከል አሽቶ፣ በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ማር የሚገዛው እንኳ በስንደዶ ጫፍ ነክሮ ቀምሶ እስኪረካ ድረስ ሻጩ በትዕግሥት ይጠብቀዋል። ከዚህ ሕግ ውጪ የሆነ አንድ ዕቃ እንዳለ ያወቅሁት፣ በካራቆሬ ከተማ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኜ በተመረጥሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ዳኛችን አሮጌውን የእድር ጥሩምባ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «ይህ ነገር አንደበቱ ተይዟል፤ ሌላ ይፈለግ» ባሉ ጊዜ ነው። የእድር ጥሩምባ አይሞከርም፤ አንድ ጊዜ ጮኾ ከተሰማ፣ የሰማው ሁሉ የሚያውቀው ትርጓሜ አንድ ብቻ ነውና።

ካራቆሬ ስል፣ በአዲስ አበባ ምዕራብ ዳርቻ የምትገኘውን ስመ ሞክሼዋን ማለቴ አይደለም፤ ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥቶ፣ በጣርማበር ዋሻ ሾልኮ፣ የደብረ ሲናን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ጀውሃን፣ ሰንበቴንና አጣዬን አልፎ ወደ ከሚሴና ወደ ደሴ የሚያቀና መንገደኛ ልብሱን አንድ በአንድ እያወለቀ የሚደርስባትን፣ የይፋቷን ካራቆሬ ማለቴ ነው። በዚህች ከተማ የሚጮኽ ነገር ሞልቶ ተርፏል፤ ገና ጎሕ ሳይቀድ አዛኑ ይሰማል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይከተላል፣ ከዚያም የደሴ መንገድ ከባድ መኪናዎች ክላክሳቸውን በየተራ እየለቀቁ ያልፋሉ፤ ባጃጆችም እንደ ጫጩት ከሥር ከሥራቸው ይንጫጫሉ። የእድራችን ጥሩምባ እንግዲህ በዚህ ሁሉ ጉባኤ መካከል ተነሥቶ፣ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ከመኝታው ቀስቅሶ፣ ድንኳን ተካዩን ወደ ድንኳኑ፣ ውኃ ቀጂውን ወደ ውኃው የሚልክ ብቸኛ ባለ ሥልጣን ነበረ።

አሮጌው ጥሩምባ ርዝመቱ ክንድ ተስንዝር የሆነ፣ ቀጥ ያለ የነሐስ ቱቦ ሲሆን፣ አፉ ሦስት ጊዜ ተበይዶ፣ አንገቱ በሽቦ ተጠፍሮ፣ ስንጥቁ በሰም ተደፍኖ እስከዚያ ቀን ድረስ አገልግሏል። ነፊያችንም ከጥሩምባው ጋር አብረው ያረጁ ሰው ናቸው። የቤተ ክህነት ሰዎች እንዲህ ያለውን አዋጅ ነጋሪ ዐዋዲ ይሉታል፤ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መተዳደሪያ «ቃለ ዐዋዲ» መባሉ ከዚሁ ቃል ነው፤ እኛ ግን በቀጥታ «ነፊው» ብለን እንጠራቸዋለን። በዚያ ዓመት ሁለት የላይ ፊት ጥርሶቻቸው ወለቁ። ጥሩምባ ነፍቶ የማያውቅ ሰው፣ ድምፁ ከነሐሱ የሚወጣ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ የሚንቀጠቀጠው ከንፈር ነው፤ ነሐሱ የከንፈሩን መንቀጥቀጥ ተቀብሎ ያጎላዋል፣ ያቃናዋል፤ ከንፈርም ያለ ጥርስ፣ ማገር እንደ ሌለው ግድግዳ ነው። ስለዚህ በዚያ ሰሞን የሞቱ ሁለት ሰዎች፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከተነፋላቸው ይልቅ ተተነፈሰላቸው ማለት ይቀላል።

በጉባኤው ላይ ሌላም የቆየ ብሶት ተነሣ። እድራችን ሰው ሲሞትም፣ የወሩ ስብሰባ ሲደርስም የሚያስነፋው ያንኑ አንድ ድምፅ ስለ ነበረ፣ ለመዋጮ የተጠሩት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየመጡ፣ ማንም እንዳልሞተ ሲነገራቸው ደስ እንደ መሰኘት ይቆጡ ነበር። አንዲት እናት ተነሥተው «አልቅሰን ከመጣን በኋላ ገንዘብ ክፈሉ ስንባል፣ ሁለት ጊዜ መሞት ነው» ሲሉ ቤቱ ሁሉ አጨበጨበ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍሁት እኔ ነኝና ውሳኔውን አስታውሰዋለሁ፦ አዲሱ ጥሩምባ ሁለት ቃል ይኑረው፤ አንዱ ለሞት፣ አንዱ ለስብሰባ። ለዚህም ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተመረጠ፤ የመንገድ ዳሩ በያጅ፣ በጦር ሠራዊት የማርሽ ጓድ ሲያገለግሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ፣ ሦስተኛውም ከብዕር በቀር ምንም ይዞ የማያውቅ እኔ።

ሃምሳ አለቃ በአገልግሎት ዘመናቸው የሚነፉት ቱባ ነበረ። በአማርኛችን ቱባ ማለት የተጠቀለለ የክር ልቃቂት፣ አልፎም ያልተነካ ባህል፣ ይባስ ብሎም ሆዱ የገፋ ባለ ሥልጣን ነው፤ ሃምሳ አለቃ የተሸከሙትን የሩቅ አገር መሣሪያ በሦስቱም ትርጉም ቱባ ብንለው አንሳሳትም። ትልቁ ዓይነት ተፈትቶ ቢዘረጋ አምስት ሜትር ተኩል የሚሆን ቱቦ እንደ ፈትል ተጠቅልሎ በሰው ጭን ላይ የተቀመጠ ነው፤ ሆዱ ትልቅ፣ ድምፁም ወፍራም ነው። ሮማውያን ግን ቱባ የሚሉት ቀጥ ያለ የጦር መለከት ነበረና፣ ስሙ ከእኛው መለከት ጋር የሥጋ ዘመድ መሆኑን ሳስረዳቸው፣ ሃምሳ አለቃ «እንግዲያው አርባ ዓመት የተሸከምሁት ዘመዴን ነዋ!» አሉና ትከሻቸውን አሹ።

ስለዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ካልተናገርሁ ብዕሬ አይለቀኝም። አባቶቻችን እምቢልታን ሲሠሩ፣ ከሸምበቆ ይሁን ከብረት ቱቦ፣ ለጣት የሚሆን ቀዳዳ አላወጡለትም፤ አንድ እምቢልታ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ስለሆነ፣ ሦስት ነፊዎች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ሲያርፍ ሌላው እየተቀበለ አንዱን ዜማ በሦስት አፍ ይፈጽሙታል። ይህን ኋላ ቀርነት ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ወደ መስኮብ አገር ይመልከት፤ በዚያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1751 ማሬሽ የተባለ ቦሔሚያዊ ሙዚቀኛ ባቋቋመው የቀንድ ጓድ ውስጥ፣ መኳንንቱ ገባሮቻቸውን አሰልፈው ለእያንዳንዱ ሰው አንዲት ድምፅ ብቻ የምታወጣ ቀንድ ያስይዙት ነበር፤ ገባሩም ዕድሜውን ሙሉ ያችን አንዲት ድምፅ ሲጠብቅ ይኖራል። በኋላ ግን አውሮፓውያን ሌላ መንገድ መረጡ። እኛ ድምፅ ሲጎድለን ሰው ስንጨምር፣ እነርሱ ቱቦ እየጨመሩ ሰው ቀነሱ፤ ሦስቱ እምቢልተኞች ተጨፍልቀው አንድ ሰው ሲሆኑም፣ ያ አንድ ሰው ሃምሳ አለቃን አከለ።

ከዓድዋ ድል በኋላ የመስኮቡ ንጉሥ ኒቆላዎስ ሁለተኛ ለአፄ ምኒልክ 40 የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች መላኩ የታወቀ ነው፤ ነጋሪት፣ መለከትና እምቢልታ የለመደው የቤተ መንግሥት ደጅ ያን ቀን ምን እንዳለ ማሰብ ያስደስተኛል። ቀጥሎም ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ አስገቧቸው፤ እነርሱም በቁጥር 40 ስለ ነበሩ «አርባ ልጆች» ተባሉ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የደረሱለት የሕዝብ መዝሙርም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ላይ ተሰማ። አርባ መሣሪያ፣ አርባ ልጆች፤ የእድር ጸሐፊ ነኝና ይህን ቁጥር በሰማሁ ቁጥር ተዝካር ትዝ ይለኛል፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።

ቱባ ራሱ የተወለደው በበርሊን ነው፤ ዊልሄልም ቪፕሬክት የተባለ የጦር ሙዚቃ አለቃና ዮሐን ጎትፍሪድ ሞሪትዝ የተባለ መሣሪያ ሠሪ በአውሮፓ አቆጣጠር መስከረም 12 ቀን 1835 የባለቤትነት ማረጋገጫ አወጡለት። ከእርሱ በፊት ወፍራሙን ድምፅ የምታወጣው «እባብ» የምትባል፣ እንደ ስሟ የምትጠማዘዝ የእንጨት ቀንድ ነበረች፤ በ1590 ገደማ በፈረንሳይ የተሠራችውም በቤተ ክርስቲያን የካህናቱን ዜማ እንድትደግፍ ነው ይባላል። ይህን ለሰፈራችን መሪጌታ ብነግራቸው አማትበው ሲያበቁ «እባብ መቅደስ አስገብተው ነው ለካ ዜማው የጠፋባቸው!» አሉኝ። ቀጥሎ ሃምሳ አለቃ ሦስቱን የቱባ ፒስቶኖች በጣቶቻቸው በአየር ላይ እያሳዩ፣ በሦስት ጣት ሁሉም ዜማ እንደሚገኝ ሲያስረዱ ግን መሪጌታ ፈገግ አሉ፤ «ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ፤ ታዲያ ይህ የያሬድ እንጂ የማን ነው?» ብለው ተነሥተው ሄዱ። በዚህ ላይ ማንም አልተከራከራቸውም።

የፒስቶኑን ምሥጢር ኮሚቴያችን ያጠናው በበያጁ ወርክሾፕ፣ ሞርሳው አጠገብ ተቀምጦ ነው። እያንዳንዱ ፒስቶን የራሱ ትርፍ ቱቦ አለው፤ ሲጫኑት ነፋሱ በዚያ በኩል ዞሮ እንዲሄድ ያስገድደዋል፤ መንገዱ ሲረዝም ድምፁ ይወርዳል። ሁለተኛው ግማሽ ደረጃ፣ አንደኛው አንድ ደረጃ፣ ሦስተኛው አንድ ተኩል ያወርዳሉ። ችግሩ የሚመጣው ሲደመሩ ነው፤ የቱቦውን ርዝመት 100 ብንል፣ አንደኛው ፒስቶን 12፣ ሦስተኛው 19 ያህል ይጨምራሉ፤ ሁለቱ አብረው ሲጫኑ 131 ይሆናል፤ ዜማው ግን የሚጠይቀው 133 ተኩል ነው። በትልቁ ቱባ ላይ ይህች ጉድለት 13 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ከግማሽ ስንዝር በላይ ትመጣለች፤ ጆሮ ያለው ሰውም ወዲያው ያውቃታል። ይህን ሒሳብ በወረቀት ላይ ሠርቼ ለገንዘብ ያዣችን ባሳያቸው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው «ይህማ የእኛው መዝገብ ነው፤ ለየብቻ ሲቆጠር ይሞላል፣ ሲደመር ይጎድላል» አሉ። አውሮፓውያኑ ጉድለቷን ለመሙላት አንዳንዶቹ አራተኛ ፒስቶን ጨመሩ፤ ብሌክሊ የተባለ እንግሊዛዊ ደግሞ በ1874 ነፋሱ በፒስቶኖቹ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ ሲያልፍ የጎደለችውን ርዝመት ከትንንሽ ቱቦዎች እንዲለቅም አደረገ። ገንዘብ ያዣችን የዚህን ሰው አድራሻ ጠይቀውኝ ነበር።

በያጁ ስለ ፒስቶን ሊነገረው የሚፈልግ ሰው አይደለም፤ በሞተር ውስጥ ስንቱን ቀይሯል። የመጀመሪያውን ጥሩምባ ፒስቶን የሠራው ከብስክሌት ጎማ መንፊያ ነው። ቱቦውን ለማጠፍ ሲል ደቃቅ አሸዋ ሞላበት፤ ሁለቱን ጫፎች በእንጨት ውታፍ ደፈነ፤ በጋዝ እሳት ቀይ እስኪሆን ካጋለው በኋላ በቸርኬ ዙሪያ ቀስ እያለ ጠመዘዘው። አሸዋ ባይኖርበት ኖሮ፣ ቱቦው በታጠፈበት ላይ እንደ ባዶ ስልቻ ይጨማደድ ነበር። የአውሮፓ ሠሪዎች ለዚሁ ሥራ ዝፍት፣ እርሳስ ወይም ወደ በረዶ የተለወጠ የሳሙና ውኃ እንደሚሞሉ ብነግረው፣ ላቡን በእጅጌው ጠርጎ «ጋሼ፣ በካራቆሬ በረዶ?» አለና ከት ብሎ ሳቀ። አሸዋውን አራግፎ ቱቦውን ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ ከውስጡ አንዲት ጉንዳን ወጣች። ይህን በቃለ ጉባኤ አላሰፈርሁትም።

አሁን የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ደረስሁ። ሦስታችንም የጥሩምባውን ባሕርይ ስለምናውቅ በጥንቃቄ ተመካከርን፤ በያጁ ከደጅ ቆሞ የመኪና ክላክስ ሲሰማ እጁን ሊያነሣ፣ ሃምሳ አለቃ በዚያች ቅጽበት ሊነፉ፣ የመኪናውም ጩኸት የእኛን ሊሸፍን ተስማማን። አንድ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ክላክሱን ለቀቀ፤ በያጁ እጁን አነሣ፤ ሃምሳ አለቃም በሙሉ ሳንባቸው ነፉ። ነገር ግን ሾፌሩ ጫት ሊገዛ ኖሮ ክላክሱን አቋርጦ ድንገት ቆመ፤ ሃምሳ አለቃ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ስለ ነበር ቀጠሉ። ያ የብስክሌት መንፊያ ነፋስ ያሾልክ ስለ ነበር፣ ድምፁ መጨረሻው ላይ እየተንሰቀሰቀ ሞተ፤ ይህም ከለመድነው ጥሩምባ ይልቅ ልብ የሚነካ ሆነ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የአካባቢው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጁን ሞሉት። «ማን ነው?» አሉ። «ማንም አልሞተም» አልን። «እንዴት ማንም?» አሉ፤ አንዷም አስቀድማ ጀምራው የነበረውን ለቅሶ ወዴት እንደምትመልሰው ቸገራት። ከወርክሾፑ ጀርባ ታመው የተኙ አንድ ሽማግሌ ደግሞ የልጅ ልጃቸውን ልከው «ለእኔ እንደ ሆነ ገና ነኝ በሏቸው» አሉን።

በመተዳደሪያ ደንባችን ያለ ሞት ጥሩምባ ያስነፋ አባል መቀጮ ይከፍላል። ዳኛችን ሕግ አክባሪ ሰው ናቸውና ኮሚቴውን ሙሉ እያንዳንዱን 100 ብር ቀጡት፤ እኔም ጸሐፊ ስለሆንሁ የራሴን ስም በራሴ እጅ ከጥፋተኞች መዝገብ አሰፈርሁ፤ ከስሜ ፊት «አቶ» ማለትን ግን አልተውሁም።

ሃምሳ አለቃ ከዚህ ውርደት ሁለት ቀን ተከዙና በሦስተኛው ቀን ብርቱ ሐሳብ ይዘው መጡ። ስሕተታችን፣ አሉ፣ አንዱን ጥሩምባ ሁለት ነገር ማናገራችን ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ ለሞት ይቅር፤ ለስብሰባ ግን ማንም ከሞት ጋር ሊያምታታው የማይችል፣ እንደ ሽማግሌ የሚናገር ወፍራም ድምፅ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ቱባ ነው። ሐሳባቸው ከመርማሪ ዳኛ ፊት እንኳ የሚቆም ስለ ነበር ተስማማን። በያጁ ከግማሽ ኢንች የውኃ ቧንቧ ጀምሮ፣ ሦስት ሩብ፣ አንድ፣ አንድ ተኩል፣ ሁለት ኢንች እያለ እያሰፋ በየደረጃው በየደ፤ ከዚያ የአንድ አሮጌ ይሱዙ ማርሚታ ቀጠለበት፤ አፉን ከላሜራ ቆርጦ በመዶሻ እየቀጠቀጠ እንደ አደይ አበባ ከፈተው። አፍ የሚገጥምበትን ጽዋ ከአሮጌ የበር እጀታ ነሐስ ቀረጸ፤ ስፋቱ ከቡና ሲኒ አፍ በግማሽ ያነሰ ነው። ቱቦው ከጠባብ ወደ ሰፊ የመሄዱ ምክንያት ለውበት አይደለም፤ በዚያ ዓይነት ቱቦ ውስጥ ድምፁ ይለሰልሳል፤ የተከፈተውም አፍ ውስጡ የታመቀውን ድምፅ ወደ ውጭ ያስተላልፈዋል፣ ደረጃዎቹንም እርስ በርሳቸው ያስማማል። ፒስቶን አላበጀንለትም፤ ስብሰባ ለመጥራት ዜማ አያስፈልግም ብለው ዳኛችን ከልክለዋል።

ከመቀጮው ተምረን ሁለተኛውን ሙከራ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ደረቅ ወንዝ ውስጥ አደረግነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ የቆላው ሙቀት ድንጋዩን የሚያስተነፍስበት ጊዜ ነበር። ሃምሳ አለቃ መሣሪያውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ፤ የወታደር ኮፍያቸውን አስተካከሉ፤ ብረቱ በፀሐይ ግሎ ጽዋው ከንፈራቸውን ስለ ለበለባቸው በምራቃቸው አቀዘቀዙት። ከዚያ ነፉ። መጀመሪያ የሰማሁት ነገር ድምፅ አልነበረም፤ የተቀመጥሁበት ድንጋይ በጭኔ በኩል አንድ ነገር ነገረኝ። የቱባ ዝቅተኛው ድምፅ በሰከንድ 30 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ነውና፣ ጆሮ ሳይሰማው ሆድ ይሰማዋል። የወንዙ ገደል ተቀብሎ መለሰው፤ አጠገባችን የነበሩ ፍየሎች በአንድነት ቀና አሉ፤ እረኞቹ በትራቸውን ጥለው ወደ ከተማ ሮጡ። ሃምሳ አለቃ፣ ሠላሳ ዓመት ያላገኙትን ዘመዳቸውን እንዳገኙ ሁሉ፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ደግመው ነፉ፤ እኔም «በቃ» ለማለት ልብ አጣሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ካራቆሬን የሚያውቅ ሰው ከዚህ በኋላ የሆነውን ይገምታል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በዚህ ምድር የተነሣው ርዕደ መሬት ማጀቴን አፈራርሷል፣ የካራቆሬን ቤቶች ሰነጣጥቋል፣ መንገዱንም ከፍሏል፤ በመጻሕፍትም የካራቆሬ መሬት መንቀጥቀጥ ተብሎ ተመዝግቧል። ያን ጊዜ ሕፃን የነበሩት ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሽማግሌዎቻችንም ሁሉን ነገር ቢረሱ ያን ጉርምርምታ አይረሱም። ወደ ከተማ ስንመለስ ሕዝቡ ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ መንገድ ላይ ቆሟል፤ አንዱ ወገን «እግዚኦ» ይላል፣ ሌላው «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ይላል፤ ዳኛችን በአንድ እግር ጫማ ቆመው፣ የሌላኛው ጫማ ጉዳይ ለመጪው ጉባኤ ያደረ ይመስላል። አንድ እናት «እንደዚያው ነው፣ እንደ ልጅነቴ ነው፤ መጀመሪያ ከታች ነው የሚጮኸው» እያሉ ጎረቤቶቻቸውን ያስጠነቅቁ ነበር። ሃምሳ አለቃ መሣሪያውን ከበያጁ ጋር በጨርቅ ሸፍነው ተሸክመው በዚያ ሕዝብ መካከል አልፈው ሲሄዱ፣ ማንም ልብ አላላቸውም። መቀጮ እንኳ አልተወሰነብንም፤ ለምድር መናወጥ የተደነገገ አንቀጽ በደንባችን አልነበረምና።

ሃምሳ አለቃ ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ ቱቦው ሁለት ጣት ያህል ቢያጥር፣ አፉ ጥቂት ቢጠብ ብለው በጠመኔ ምልክት አደረጉበት። በዚህ ብቸኛ ሰው እንዳልሆኑ ለማጽናናት፣ በአሜሪካ ግራንድ ራፒድስ በምትባል ከተማ የዮርክ ድርጅት በ1930ዎቹ የሠራቸው ሁለት ቱባዎች እንዳሉ፣ አርኖልድ ጄኮብስ የተባለው የቺካጎ ሲምፎኒ ነፊ ከ1944 እስከ 1988 በአንደኛው ሲጫወት ከቆየ በኋላ፣ የሦስት አህጉር ሠሪዎች ልካቸውን በሚሊ ሜትር እየወሰዱ እስከ ዛሬ ድረስ እየገለበጧቸው መሆኑን ነገርኋቸው። «ስንት ኢንች ነው?» ብለው ጠየቁኝና ያልሁትን በማስታወሻቸው ጻፉ። ያ የእኛ ቱባ ዛሬ በበያጁ በር ላይ እንደ ማስታወቂያ ተሰቅሏል፤ በመንገድ የሚያልፉ ሾፌሮችም ቆም እያሉ የምን መኪና ማርሚታ እንደሆነ ይጠይቃሉ። በያጁ እንደ ጠያቂው እየመረጠ ይመልሳል።

አሮጌው ጥሩምባ በመጨረሻ በነሐስ ዘንግ ተበይዶ ተመለሰ፤ ነፊያችንም ከደሴ ጥርስ አስተክለው መጡ። ብየዳው ቱቦውን ጥቂት ስላጠበበው ድምፁ ከበፊቱ ቀጥኗል፤ ይህ ግን ምንም አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ እኚያ የታመሙት ሽማግሌ አረፉ። ነፊያችን እንደ ሥርዓቱ ተነሥተው ከመስጊዱ በር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ ከዚያም እስከ ገበያው ነፉ። አንድም በር አልተከፈተም። እኔም በአልጋዬ ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ «ሃምሳ አለቃ ዛሬም አልተዉትም» ብዬ ጋቢዬን እስከ ጆሮዬ እንደ ሳብሁ እናዘዛለሁ። ሲነጋ ዳኛችን ደጄን አንኳኩ፤ ድንኳኑን የሚተክል ሰው እንዳልመጣ፣ ከተማው በሙሉ የኮሚቴው ሙከራ ነው ብሎ መተኛቱን ነገሩኝ፤ ጸሐፊው ቤት ለቤት እየዞረ በቃል እንዲናገርም አዘዙ።

ፀሐይ ሳይወጣ ተነሣሁና ከታችኛው መንደር ጀምሬ በር ማንኳኳት ያዝሁ። በስድስተኛው ቤት አንዲት እማማ በር ላይ ወጡ፤ እኚያ በመጀመሪያው ጉባኤ ሁለት ጊዜ መሞት ነው ያሉት እናት ናቸው። ስለ ሟቹ ነገርኋቸው፤ የቀብሩን ሰዓት ነገርኋቸው። አገጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አንተስ ልጄ» አሉኝ፤ «እየሞከርክ እንዳይሆን?»